አገር ጠባቂው ማን ነው? «አርፈን እንቀመጥ» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ ባለን ሐበሾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። መነሻው የአሜሪካ ነጻነት 250ኛ ዓመት ነው። መድረሻው ግን ወዲህ ወደ እኛ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የአሜሪካን ዴሞክራሲ የሚጠብቁት ሕገ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ናቸው፤ ተራው ሰው እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። አንድ ድምፅ ምንም አይለውጥም። አገር መውደድ ማለት ባንዲራ ማክበርና ማመስገን ነው፤ ሰልፍ መውጣት ውለታ ቢስነት ነው። ተራው ሰው «አገሬን ላድን» ብሎ ሲነሳ ምን እንደሚመጣ፣ በምርጫ የተሸነፉት የትራምፕ ደጋፊዎች ኮንግረስን የወረሩበት ጃንዋሪ 6 አሳይቶናል። እኛ ደግሞ እንግዶች ነን፤ ጎመን በጤና።

ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። ፖለቲካ ያቃጠላቸው ሰው መሆናቸውም ከጽሑፉ ያስታውቃል። ስለዚህ ንቄ አላልፈውም። በተራ በተራ ልሂድበት።

«ዴሞክራሲን የሚጠብቁት ተቋማት ናቸው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ዋተርጌትን ይጠቅሳሉ፤ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ሰዎች የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ ሰብረው በመግባታቸው የተነሳውን ቅሌት። ፍርድ ቤት አዘዘ፣ ፕሬዚዳንት ታዘዘ፣ አለቀ ይላሉ። ስለ ፍርዱ ያሉት ልክ ነው። ጁላይ 24 ቀን 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ 0 ድምፅ ኒክሰን የቢሯቸውን ንግግር የቀዱባቸውን ካሴቶች እንዲያስረክቡ ወሰነ። ኦገስት 9 ሥልጣን ለቀቁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 12፣ እኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ከዚያ በኋላ የወረደብንን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ጸሐፊው ግን ታሪኩን ከጭራው ነው የያዙት። ራሱ ያለው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጁን 17 ቀን 1972፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ፍራንክ ዊልስ የሚባል የ24 ዓመት ጥበቃ በዋተርጌት ሕንፃ ውስጥ ይዞራል። ከፓርኪንጉ ወደ ሕንፃው በሚያስገባው በር ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አየ። በሩ ቢዘጋ እንዳይቆለፍ የቁልፉን ምላስ የሸፈነ ፕላስተር ነው። ቀን የሠራ ሰው ረስቶት ይሆናል ብሎ ላጠውና መንገዱን ቀጠለ። ዞሮ ሲመጣ እንደገና ተለጥፏል። ያኔ ፖሊስ ጠራ፤ ሰብረው የገቡት ሰዎች እዚያው ተያዙ። ደሞዙ በሳምንት 80 ዶላር ነበር።

ዲሲና አካባቢው ስንት ወገናችን የሌሊት ጥበቃ ነው? ስንቱስ ፓርኪንግ ይሠራል? በሌሊት ሺፍት፣ ዓይን እየተከደነ፣ «ምን አገባኝ» ብሎ ያቺን በር ማለፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዊልስ አላለፋትም። ፍርድ ቤቱም፣ ኮንግረሱም፣ ጋዜጠኛውም የመጡት ከእሱ በኋላ ነው። ታሪኩን ሳሳምር እንዳልገኝ ደግሞ ይኼንንም ልበል፦ የዊልስ ሕይወት ከዚያ በኋላ አልተቃናም። በ2000 ሲሞት ድሃ ነበር። አገሪቱ ውለታውን አልመለሰችም።

ፍርድ ቤት ብቻውን ይጠብቀናል የሚለው እምነትስ? በ1857 ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። በ1896 ጥቁርና ነጭን በባቡር መለየት ሕጋዊ ነው አለ። በ1944 ዜግነት ያላቸውን ጃፓናውያን ከቤታቸው ማስወጣት ትክክል ነው አለ። ሦስቱም ፍርዶች የተጻፉት በዚያው ሕገ መንግሥት ስም ነው።

በ1896 የተፈረደው የተገለበጠው በ1954 ነው። ከመገልበጡ በፊት ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርምቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የጥቁሮቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ስለሞላበት፣ መንግሥት ግቢው ውስጥ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት የተለበዱ ጎጆዎች ሠርቶ «ተማሩበት» ብሎ ነበር። ኤፕሪል 23 ቀን 1951 ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር መከረች። ርዕሰ መምህሩን በውሸት ስልክ ከግቢ አስወጡ። በእሳቸው ስም ወረቀት ተጽፎ ተማሪው አዳራሽ ተጠራ። መድረኩ ላይ የጠበቀችው እሷ ነበረች። መምህራኑን ውጡልን አለች፣ ተናገረች፣ ወደ 450 የሚሆን ተማሪ ተከትሏት ወጣ። ያ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የ1954ቱ ፍርድ ከተሰጠባቸው አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። አውራጃው ተሸንፎም አልተኛም። ጥቁርና ነጭ ልጅ አብሮ ከሚማር ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። በ2020 መጨረሻ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የባሪያ አሳዳሪ ክልሎችን ጦር የመሩት የጄኔራል ሊ ሐውልት ከኮንግረስ ሕንፃ ተነሳ፤ ቨርጂኒያ በምትኩ እንዲቆም የመረጠችው የዚያችን ልጅ ሐውልት ነው።

ተቋም የሚባለው ነገር እኮ ጠጋ ብለው ሲያዩት ሰው ነው። ሺፍት ያለው፣ አለቃ ያለው፣ የሚፈራ፣ የሚደክመው ሰው። ፍርድ ቤትም ደጁን የሚያንኳኳ ካላገኘ ብድግ ብሎ አይፈርድም።

«አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?»

ይኼን አጠር ላድርገው። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ሆኖ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ መሰለፍ ውጤቱን አይቀይርም ካሉ፣ አልከራከርም። ድምፅ መስጠት ማለት ግን ፕሬዚዳንት መምረጥ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው የሚኖሩት ቨርጂኒያ እንደሆነ ነግረውናል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ምርጫ አላት። የ2017ቱ እንዴት አመለጣቸው?

ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ለአንድ የምክር ቤት ወንበር ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። ድምፁ እንደገና ሲቆጠር ዲሞክራቷ በ1 ድምፅ አሸነፈች ተባለ። በማግሥቱ ዳኞች አንዲት የተጣለች ወረቀት አነሱ። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ፣ አንዱን ሰርዞበታል። ዳኞቹ ለሪፐብሊካኑ ቆጠሩለት። 11,608 ለ 11,608፤ እኩል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም በትንንሽ የፊልም ማሸጊያ ተደርጎ፣ ከሙዚየም በመጣ ሸክላ ሳህን ውስጥ ተጨምሮ ዕጣ ወጣ። ሪፐብሊካኑ ወጣላቸው። ፓርቲያቸው ምክር ቤቱን በ51 ለ 49 ያዘ። ዕጣው ለእሷ ቢወጣ 50 ለ 50 ይሆን ነበር። ያን ቀን «ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ» ብሎ ከሥራ ወደ ቤቱ የገባ አንድ ሰው ቢመጣ ኖሮ ሳህኑም ባላስፈለገ። በ2000 ፕሬዚዳንቱን ስለወሰነው የፍሎሪዳ 537 ድምፅማ ሁሉም ስለሚያውቀው እተወዋለሁ።

«አገር መውደድ ማመስገን ነው»

ማመስገኑ ላይ ጠብ የለንም። እኔም አመሰግናለሁ። ጠባችን ማመስገን አፍ ያስይዛል የሚለው ላይ ነው።

በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆች በትምህርት ቤት ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይቻላል ብሎ በ8 ለ 1 ወሰነ። እንቢ ያሉት የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ነበሩ። ከውሳኔው በኋላ በየከተማው ደብድበዋቸዋል፣ የስብሰባ አዳራሻቸውን አቃጥለዋል። ይኼን ሁሉ ያደረጉት አገር ወዳዶች ነን ያሉ ሰዎች ናቸው። ሦስት ዓመት አልፎ፣ ጁን 14 ቀን 1943፣ ፍርድ ቤቱ ራሱን ገለበጠ። የትኛውም ባለ ሥልጣን፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ዜጋው በአገር ፍቅር ወይም በሃይማኖት ጉዳይ ምን ማመን እንዳለበት ሊደነግግለት አይችልም አለ። ቀኑን ልብ ይሏል። ጁን 14 የባንዲራ ቀን ነው። አገሪቱ ደግሞ ከሂትለርና ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ ናት። ባንዲራን በግድ ማሳለም የሚያጓጓበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር።

ሰልፍ ውለታ ቢስነት ነው ለሚለው ማርቲን ሉተር ኪንግ ከመገደላቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ ሜምፊስ ላይ፣ ከእኔ የተሻለ መልሰዋል። አሜሪካን የምንጠይቃት በወረቀት ላይ ላሰፈረችው ታማኝ እንድትሆን ብቻ ነው ብለው ነበር። ይኼ የውለታ ቢስ ንግግር ነው? በ2025ም ጁን 14 ቀን ዋሽንግተን ላይ የሠራዊቱ 250ኛ ዓመት ሲከበር፣ በሌሎች ከተሞች «ንጉሥ የለንም» የሚሉ ሰልፎች ወጥተው ነበር። በሁለቱም ወገን የያዙት ባንዲራ ያው ነው።

«ተራው ሰው ሲነሳ ጃንዋሪ 6 ይመጣል»

የጽሑፉ ጠንካራ ክርክር ይኼ ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ኮንግረስ ውስጥ ጥሰው የገቡት ባብዛኛው ተራ ሰዎች ናቸው። ራሳቸውን አርበኛ ብለው ይጠሩ ነበር። ከመካከላቸው ከልቡ አገሩን የሚያድን የመሰለው እንደነበረም አልጠራጠርም። የአገር ፍቅር ስሜት ብቻውን ሚዛን አይሆንም የሚሉ ከሆነ፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ነገር ግን ለጃንዋሪ 6 መነሻ በሆነው በ2020ው ምርጫ ሌሎች ተራ ሰዎችም ነበሩ። ጸሐፊው ዓይናቸውን ከእነሱ ላይ አንስተዋል። ሚሺጋን ውስጥ የክልሉን ውጤት የሚያጸድቅ አራት ሰዎች ያሉት ቦርድ አለ፤ ሁለት ሪፐብሊካን፣ ሁለት ዲሞክራት። ኖቬምበር 23 ቀን 2020 አሮን ቫን ላንገቬልድ የሚባል ሪፐብሊካን ጠበቃ ከራሱ ፓርቲ ግፊት እየደረሰበት፣ ሕጉ የሚሰጠን ሥራ ቁጥሩን ማጽደቅ ነው ብሎ እጁን አወጣ። የፓርቲ ጓዱ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ውጤቱ 3 ለ 0 ጸደቀ። ሰውዬው ጊዜው ሲያልቅ ፓርቲው መልሶ አላቀረበውም። ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጆርጂያ ውስጥ ደግሞ አትላንታ ላይ ድምፅ ሲቆጥሩ የነበሩ እናትና ልጅ ነበሩ። እናትየዋ ለምርጫው የተቀጠሩ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበሩ። እናት ለልጃቸው የሆነች ትንሽ ነገር ሲያቀብሉ በካሜራ ታዩ። «የኮምፒዩተር ፍላሽ ነው፣ ድምፅ እየሰረቁ ነው» ተብሎ በመላው ዓለም ተወራ። ልጅቷ በ2022 ኮንግረስ ፊት ቀርባ ምን እንደነበረ ተጠየቀች። የዝንጅብል ከረሜላ። ለአንዲት ከረሜላ ቤታቸውን ጥለው እስከ መሸሽ ደረሱ። በ2023 ዲሴምበር የዲሲ ጁሪ፣ ማለትም ለፍርድ የተጠሩ ተራ ዜጎች፣ ስማቸውን ያጠፋው የትራምፕ ጠበቃ የነበረው ሩዲ ጁሊያኒ ወደ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ወሰነ። የጆርጂያ ልዩነት 11,779 ድምፅ ነበር። ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋው ወረቀት በሰው እጅ እንደገና ተቆጥሮ አሸናፊው ያው ሆነ። የቆጠሩት የየአውራጃው ተራ ሰዎች ናቸው።

እኔ ቨርጂኒያ በምርጫ አስፈጻሚነት ሠርቻለሁ፤ ጸሐፊውም ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ትገባለህ። የማሽኑ ማሸጊያ ቁጥር ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ማሽኑ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ የረዘመ ወረቀት ያወጣል፤ ከሁሉም ስም ፊት ዜሮ። ሁላችንም እንፈርማለን። 12 ሰዓት ላይ በሩ ይከፈታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ አንዱ ውጭ ወጥቶ «ሊዘጋ 15 ደቂቃ ቀርቷል» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ትልቁ ጭንቀት ይመጣል። በመዝገብ ገብተዋል የተባሉ ሰዎች ቁጥርና ማሽኑ የዋጠው ወረቀት ቁጥር እኩል መሆን አለበት። አንድ ከጎደለ ለምን እንደጎደለ ይጻፋል። እግርህ አብጦ፣ ሆድህ ባዶ ሆኖ፣ ጎንህ ካለው የሌላ ፓርቲ ሰው ጋር አንዲት ወረቀት ትፈልጋለህ። ጀግንነት የሚባል ነገር አታይበትም። ቀኑን ሙሉ ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል አይወራም፤ ክልክል ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጃንዋሪ 6 የመጡት ውጤቱን ስላልወደዱት ደንቡን ሊያፈርሱ ነው። የሚሺጋኑ ሰውዬ ውጤቱን ባይወደውም ደንቡን ጠበቀ። ሁለቱም ተራ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ «ተቋማቱ ይበቁናል» የሚል ሰው ካለ ይኼን ይጨምርበት፦ ከጃንዋሪ 6 ጋር በተያያዘ የተከሰሱና የተፈረደባቸው ወደ 1,500 ሰዎች ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ አንድ ፊርማ ምሕረት አገኙ። የዓመታት የፍርድ ቤት ሥራ በአንድ ቀን ተዘጋ።

«እኛ እንግዶች ነን»

ወደ ዋናው ደረስን። ጽሑፉን ያስወደደው ይኼ ክፍል ይመስለኛል። ብዙዎቻችን በሆዳችን የምንለውን አወጡት።

እንዴት እንደመጣን ግን እንጠይቅ። በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ለየአገሩ ኮታ ነበረው። የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሰው አለ። ያ ሥርዓት የፈረሰው ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በተፈረመ ሕግ ነው። ዓመቱን እንየው። ማርች 7 ቀን 1965 ሴልማ ድልድይ ላይ የመምረጥ መብት የጠየቁ ጥቁሮች በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተደበደቡ። ኦገስት 6 የምርጫ መብት ሕግ ተፈረመ። ሁለት ወር ሳይሞላ የእኛ በር ተከፈተ። ያው ኮንግረስ፣ ያው ፕሬዚዳንት። ሰውን በዘሩ መመዘን ነውር መሆኑን አገሪቱን ያስተማሯት እነዚያ ሰልፈኞች ናቸው። ጸሐፊው ውለታ ቢስ የሚሏቸው ዓይነት ሰዎች።

ፋኒ ሉ ሄመር የሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ ነበረች። ጥቁር ሰው ተመዝግቦ መምረጥ እንደሚችል የሰማችው በ1962 ነው፤ ያኔ 44 ዓመቷ ነበር። ልትመዘገብ ሄደች። በዚያው ቀን ለ18 ዓመት ከኖረችበት እርሻ ተባረረች። በዓመቱ እስር ቤት ውስጥ ተደብድባ ዕድሜ ልኳን የሚያማት ጉዳት ደረሰባት። አርፋ መቀመጥ ለእሷም ይሻላት ነበር። ብትቀመጥ ግን እኔና ጸሐፊው ዛሬ የት ሆነን እንከራከር ነበር?

ጸሐፊው አገር ቤት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 የተደረገውን ምርጫ ያነሳሉ። «ያየነው ይበቃናል» ይላሉ። ይገባኛል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሰው እስከ ሌሊት ተሰልፎ መርጧል። ከዚያ የሆነውንና የሞተውን ሰው የሚረሳ የለም። ግን ያኔ የጎደለው የሕዝቡ መውጣት ነበር? ሕዝቡማ ወጥቷል። የጎደለው ድምፁን ቆጥሮ፣ ሁሉም ፊት ፈርሞ፣ ቢጎድል የሚጠየቅ ሰው ነው። ያንን ሥራ እዚህ አገር «ና ሥራ» ተብለን እየተጠራን አንገባም ማለት ለእኔ አይገባኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። ዜግነት ያላገኘ ሰው ይጠንቀቅ። ሳይፈቀድለት በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ከአገር ያስባርራል። የመራጭ መመዝገቢያ ወረቀት ይዞ «ፈርም፣ ችግር የለውም» የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ አይፈርሙም። ግሪን ካርድ ይዞ ሰልፍ የፈራ ሰው ላይም አልፈርድም። ልጆች አሉት።

ሲቲዝን የሆንን ግን እጃችንን አንስተን ምለናል። የማልነው ለማንም ፕሬዚዳንት አይደለም። ሕገ መንግሥቱን ከውጭም ከውስጥም ጠላት ልንጠብቅ ነው። እዚያ መሐላ ውስጥ «እንግዳ ስለሆንኩ ይለፈኝ» የሚል ቃል የለም። የሚሠራውም ነገር ሰማይ መቧጠጥ አይደለም። ማንበብ የማይችሉ እናት ካሉህ፣ የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ የመረጡትን ሰው ይዘው ገብተው እንዲረዳቸው ይፈቅዳል፤ አሠሪያቸው ወይም የማኅበራቸው ተወካይ ካልሆነ በቀር። ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ ከመሥሪያ ቤት ቋንቋዎቿ ውስጥ ገብቷል። ያም ከሰማይ አልወረደም፤ ሰዎች ጠይቀው ያገኙት ነው።

ጸሐፊው የሚጨርሱት «ለመሆኑ ማን ጠራን?» ብለው ነው። የሚጠራንማ አለ። የጁሪ ደብዳቤ ስማችንን ጽፎ ይጠራናል። በ2025 ኦገስት ዲሲ ውስጥ አንድ ሰው በፌዴራል ፖሊስ ላይ ሳንድዊች ወረወረ። ዐቃቤ ሕግ በከባድ ወንጀል ሊከስሰው ፈለገ። ክሱን ማጽደቅ የነበረበት የዜጎች ጁሪ እንቢ አለ። በቀላል ወንጀል እንደገና ተከሰሰ። ኖቬምበር ላይ ሌላ ጁሪ ሰምቶ በነጻ አሰናበተው። ሳንድዊች መወርወር ጨዋነት ነው እያልኩ አይደለም፤ ደግሞም ምግብ ነው። ግን ያን ሁሉ ጠበቃና ያን ሁሉ መሥሪያ ቤት «አይሆንም» ብለው የመለሱት ከቤታቸው በደብዳቤ የተጠሩ ሰዎች ናቸው። የጸሐፊው ደብዳቤ ሲመጣ «እንግሊዝኛ አልችልም» ብለው እንደማይመልሱት ተስፋ አደርጋለሁ።